ያልመረጥነው ቀበሌ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው የማወራችሁ። መብራት ስለጠፋ ከውጭ የጄነሬተር ድምፅ ሊሰማችሁ ይችላል፣ ታገሱኝ።

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ሰው በመንግሥት ላይ ያለው እምነት የሚገነባው ወይም የሚፈርሰው የት ነው? ብዙ ጊዜ ስለ ምርጫ ቀንና ስለ ፓርላማ እናወራለን። እኔ ግን ቀበሌ ነው ባይ ነኝ። መታወቂያ ለማሳደስ ሄደህ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና» ትባላለህ። በማግሥቱ ትሄዳለህ፣ «ሲስተም የለም»። ከኋላህ የመጣው ሰው ግን አንድ ስልክ ተደውሎለት፣ በጓሮ በር ገብቶ፣ ማህተሙን አስመትቶ ሲወጣ ታያለህ። ከዚያ በኋላ ስለ ዴሞክራሲ ማንም ምንም ቢነግርህ ጆሮህ አይገባም።

ታዲያ ይህን ቀበሌ ማን መረጠው? የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ በአገር ደረጃ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ በየወረዳውና በየቀበሌው 3.6 ሚሊዮን ገደማ የምክር ቤት ወንበር ለምርጫ ቀርቦ ነበር፣ ብዙ ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ፣ ኢሕአዴግም ጠቅልሎ ወሰደው። ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፣ ተራዘመ። በሰኔ 2013 የተሰለፍነው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ነው። በ2005 ለመምረጥ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ዛሬ 30 ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ግብር እየከፈለ፣ የቀበሌውን ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳ መርጦ አያውቅም። በየሳምንቱ የሚያገኘው መንግሥት ግን እሱ ነው።

የታላላቆቻችን ቁስል ደግሞ ሌላ ነው። 1997ን የሚያስታውስ ሰው አነጋግሩ። በቴሌቪዥን ክርክሩን ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር፣ በምርጫው ቀን ጎህ ሳይቀድ ሰልፍ ተይዟል። ከዚያ ውጤቱ አወዛገበ፣ ጥይት ተተኮሰ፤ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ተናገረ። በ2002 ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች ተቃዋሚው ያገኘው አንድ ነበር። በ2007 እሷም ቀረች። ይህን ሁሉ ያየ አባት ለልጁ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው» ቢለው ምን ይገርማል? ፈሪ አይደለም። ያየውን ነው የተናገረው።

የሚያናድደኝ «ሕዝቡ ለዴሞክራሲ ገና አልበሰለም» የሚሉት ነገር ነው። እስቲ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሰፈራችሁ ዕድር ስብሰባ ላይ ተቀመጡ። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ሁሉም ተመርጠው ነው። አንዲት እናት ተነስተው «የድንኳኑ ኪራይ የት ገባ?» ይላሉ፣ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ገልጦ ያነባል። ካላሳመነ ይሟገቱታል፣ ቤቱ ካልወደደው በሌላ ይተካል። እኚያ እናት ያንን ጥያቄ ጠይቀው ቤታቸው ሲገቡ ማን ይመጣብኛል ብለው አይሰጉም። ይህ ሕዝብ መጠየቅም፣ መምረጥም፣ መሻርም ያውቃል።

አዎ፣ ዕድር ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ጠመንጃም የለውም። አገር ማስተዳደር ከዚያ ይከብዳል፣ አልክድም። በዚያ ላይ በክልላችን በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ አሥር ወር ቆየ። አዋጁ ካበቃም በኋላ ጦርነቱ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ማን አጠገቡ እንዳለ እንዲያይ አድርጎታል። እዚህ ከተማ የምትኖሩ የምለውን ታውቁታላችሁ።

ግን የመተማመን ጉዳይ ሁሌ ትልቅ ነገር አይፈልግም። ውሃውን ውሰዱ። የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፣ ከተማዋ ደግሞ አድጋለች። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ሥራው ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ሰዉ ውሃ በፈረቃ መሆኑን ችሎታል፣ ጀሪካን መደርደርም ለምዷል። ያልቻለው ለምን እንደዘገየ፣ ገንዘቡ የት እንደደረሰ፣ መቼ እንደሚያልቅ ፊት ለፊት ቆሞ የሚነግረው ማጣቱን ነው። ተሰብስቦ እንደ ዕድሩ መዝገብ ቢገለጥለት እኮ ይታገሳል!

ሕገ መንግሥቱ ይህን ይላል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችልም ይናገራል። ከ1987 ጀምሮ ተጽፎ ያለ ነው። ስንቶቻችን ትምህርት ቤት ተማርነው? ደግሞስ ያልመረጥከውን እንዴት ታነሳለህ? ለዚህ ነው የአካባቢ ምርጫ ቶሎ ይደረግ የምለው። ከትልቁ ምርጫ በኋላ የሚታሰብ ትርፍ ነገር መሆን የለበትም። ሰው ደጃፉ ያለውን ሹም መርጦ፣ ጠይቆ፣ ሲያጠፋ ሽሮ ካላየ፣ አዲስ አበባ ስላለው ምክር ቤት እምነት ከየት ያመጣል?

በሚቀጥለው ክፍል በ2005 የቀበሌ ምክር ቤት ውስጥ የነበረ ሰው አቀርብላችኋለሁ። ምን ይወስኑ እንደነበር፣ ማንን ይፈሩ እንደነበር እጠይቀዋለሁ። እናንተም ጥያቄ ላኩልኝ። ስማችሁን መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ የሰፈራችሁንም ስም ብትተዉት ይሻላል።