የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የብድር ስም ከተበላሸ በኋላ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ብድርና ስለ ካርድ ነው። ስልክ ላይ ሰዓት ስላጠረን ቆርጠን ያለፍናቸውን መልሶች እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ከዳንግላ የደወሉ እናት፦ «ልጄ የሚኖረው አሜሪካ ነው። አምና ታምሜ ለሕክምና ገንዘብ ሲልክልኝ የክሬዲት ካርዱን ዕዳ ሳይከፍል ወራት አለፉ። ካርዱ ተዘጋበት። ሌላ ካርድ ቢጠይቅም የሚሰጠው አጣ። አሁን አንድ ሰው 900 ዶላር ክፈለኝና ስምህን አጸዳልሃለሁ ይለዋል። ይክፈል ወይ? እኔስ በሱ ዕዳ እጠየቃለሁ?»

እናቴ፣ እንኳን ተሻለዎት። ከመጨረሻው ልጀምር፦ አይጠየቁም። ካልፈረሙለት በቀር የልጅዎ የካርድ ዕዳ የራሱ ብቻ ነው። ዳንግላ ድረስ የሚመጣ የለም፣ በዚህ እንቅልፍ አይጡ።

ለዚያ ሰው ግን አንድ ዶላር እንዳይሰጥ ይንገሩልኝ። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ክፍያ መቀበል አይችልም። እውነተኛ መረጃ ደግሞ ማንም አያጠፋውም። ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳ እስከ 7 ዓመት የብድር ታሪኩ መዝገብ ላይ ይቆያል። የተሳሳተ ነገር ተጽፎበት ከሆነም ራሱ በነፃ ያስተካክለዋል። መዝገቡን የሚይዙት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፦ ኤኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን። የሦስቱንም ሪፖርት «አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም» ላይ ያለ ክፍያ ያገኛል። ስህተት ካየ ማስረጃ አያይዞ ይጻፍላቸው። ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው።

ካርዱን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን የምመርጠው ገንዘብ አስይዘው የሚያወጡትን ነው። እዚያ «ሴኪዩርድ ካርድ» ይሉታል። ልጅዎ ለምሳሌ 200 ዶላር ያስይዛል፣ ባንኩ እስከ 200 ዶላር የሚያበድር ካርድ ይሰጠዋል። ያስያዘው ገንዘብ የራሱ ነው፣ ከፍሎ ሲዘጋ ይመለስለታል። ባንኩ ማስያዣ ስላለው የተበላሸ ታሪክ ያለውንም ሰው ይቀበላል። ካርዱን ከማውጣቱ በፊት ግን ክፍያውን ለሦስቱም መዝጋቢዎች ታሳውቃላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቅ። የማያሳውቁ ከሆነ ዓመት ሙሉ በሰዓቱ ቢከፍልም የተበላሸው ስሙ አይሻሻልም።

ታሪካችሁ ቢበላሽም ያለ ማስያዣ እንሰጣለን የሚሉ ካርዶችም አሉ። እነሱ ላይ ይጠንቀቅ። ሕጉ በመጀመሪያው ዓመት ካርዱ ከሚያበድረው እስከ 25 በመቶ የሚደርስ የአገልግሎት ክፍያ እንዲቆርጡ ይፈቅድላቸዋል። የ300 ዶላር ካርድ ከሆነ 75 ዶላሩ ገና ሳይጠቀምበት ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ አይመለስም። በየቦታው እየዞረ ማመልከትም አይጠቅመውም፤ እያንዳንዱ ማመልከቻ መዝገቡ ላይ ይሰፍርና አበዳሪዎች የሚያዩትን የብድር ነጥቡን ትንሽ ትንሽ ይቀንሰዋል።

ካርዱን ካገኘ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይክፈልበት። የስልክ ክፍያው ይበቃል። ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን ራሱ ባንኩ እንዲቆርጥ ያድርግ። ብዙ አበዳሪዎች የሚያዩት ፋይኮ የሚባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈል ነው፤ 30 በመቶው ደግሞ ያለበት የዕዳ መጠን። ስለዚህ ካርዱን እስከ አፉ አይሙላው።

አንድ ነገር ከእርስዎ ልለምን። ልጅዎ ገንዘብ ሲልክ «መጀመሪያ የካርድህን ዝቅተኛ ክፍያ፣ በወሩ ቢያንስ መክፈል ያለብህን፣ ከፍለሃል?» ይበሉት። ያቺ ክፍያ ብዙ ጊዜ ትንሽ ናት። ካለፈች ግን፣ ከ30 ቀን በኋላ መዝገብ ውስጥ ትገባለች። ውጭ ያሉ ልጆቻችን ለቤተሰብ ሲሉ ይህን ዕዳ ደብቀው ይዘው ይኖራሉ። ብንጠይቃቸው ይቀልላቸዋል።

ከቡሬ የደወሉ ነጋዴ፦ «በርበሬና በቆሎ ነው የምነግደው። ለጓደኛዬ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። እሱ ብድሩን ሳይጨርስ ጠፋ። እኔ ከባንክ የተበደርኩትን አንድ ብር አላጎደልኩም። አሁን ለግዢ ብድር ብጠይቅ ስምህ ላይ ችግር አለ አሉኝ። ባንክ ብቀይርስ?»

ወንድሜ፣ ባንክ መቀየር አያድንዎትም። ብሔራዊ ባንክ ውስጥ የብድር መረጃ ማዕከል አለ። ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን ሁኔታ ወደዚያ ይልካሉ። ብድር ከመስጠታቸው በፊትም እዚያ የማየት ግዴታ አለባቸው። ቡሬ ያለው ቅርንጫፍ የሚያየውን የደብረ ማርቆሱም የባሕር ዳሩም ያየዋል። አንድ ብድር 90 ቀን ሳይከፈል ከቆየ ባንኩ ከተበላሸ ብድር ይመድበዋል። ይህም መዝገቡ ላይ ይታያል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደዚያው ወደ አበዳሪው ባንክ ይሂዱ። የፈረሙበትን የዋስትና ውል ቅጂ ይጠይቁ። ሁለት ነገር ይዩበት። አንደኛው፣ ዋስ የሆኑበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በቁጥር ተጽፏል ወይ? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 መሠረት ይህ ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም። ብዙ ሰው ይህን መብቱን ሳያውቅ ይከፍላል። ሁለተኛው፣ «በአንድነትና በነጠላ» ተጠያቂ ነኝ ብለው ፈርመዋል ወይ? እንደዚያ ከሆነ ባንኩ ጓደኛዎን ሳይከስ በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣት ይችላል። ውሉን ከአንድ ጠበቃ ጋር ቢያዩት ጥሩ ነው። ለጠበቃ የሚከፍሉት ብዙውን ጊዜ ለዕዳው ከሚከፍሉት ያንሳል።

ውሉ የጸና ከሆነ ደግሞ አይሽሹ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? የክፍያው ጊዜ እንዲራዘም በጽሑፍ ይጠይቁ። አቅምዎን በግልጽ ያስረዱ፣ የበርበሬው ገንዘብ መቼ እጅዎ እንደሚገባም ይንገሯቸው። የተስማሙበትን በደብዳቤ ይያዙት፤ ሥራ አስኪያጁ በቃል ያለውን ነገ ሌላ ሰው አያውቀውም። ከፍለው ሲጨርሱ ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ ይቀበሉ። መረጃዎ በማዕከሉ እንዲታደስም ይጠይቁ። የከፈሉትን ገንዘብ ከጓደኛዎ በሕግ የመጠየቅ መብት አለዎት። ደረሰኞቹን አንድም ሳይጥሉ ያስቀምጡ።

በሌላ ሰው ዕዳ ስሜ በስህተት ገብቷል የሚሉ ከሆነ ግን መንገዱ ሌላ ነው። መረጃውን ለላከው ባንክ አቤቱታ ይጻፉ፣ ቅጂው ላይ ገቢ መሆኑን በማኅተም ያስደርጉ። ካልሰሟችሁ ወደ ብሔራዊ ባንክ ይቀጥሉ።

ከደብረ ማርቆስ የደወለ ተማሪ፦ «ከቴሌብር ትንሽ ብድር ወስጄ ቀኑ አለፈብኝ። ሲም ብቀይር ይጠፋል?»

አይጠፋም። ተበዳሪው አንተ ነህ እንጂ ሲሙ አይደለም። ከጀርባ ያለው ገንዘብ የባንክ ነው፣ የተመዘገብከውም በመታወቂያህ ነው። በፋይዳ መታወቂያ ባንክና ስልክ እየተያያዙ በሄዱ ቁጥር መደበቂያው ይጠባል። ዛሬ ትንሽ ናት፣ ክፈላት። ተመርቀህ ሥራ ልትጀምር ብድር ስትፈልግ እንቅፋት እንዳትሆንብህ።

ከብቸና የደወሉ እኅት፦ «የኤቲኤም ካርድ አለኝ። በሱ ብድር ማግኘት እችላለሁ? ተበድሬ አላውቅም።»

እኅቴ፣ የያዙት ካርድ የራስዎን ገንዘብ ማውጫ ነው። አገራችን ውስጥ በሰው እጅ ያለው ካርድ ከሞላ ጎደል ይኸው ዓይነት ነው፤ እያበደረ በወር የሚያስከፍል ክሬዲት ካርድ ገና አልተለመደም። ተበድረው አለማወቅዎ መጥፎ ታሪክ አይደለም፣ ባዶ ታሪክ ነው። ባዶው ይሞላል።

ለጀማሪ እኔ የምመክረው በአካባቢዎ ያለውን የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። መጀመሪያ ይቆጥባሉ፣ ከዚያ ይበደራሉ፣ የሚያበድርዎትም ሰው ያውቅዎታል። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክም፣ ለገጠር ተበዳሪ አዲስ አይደለም። ቤትና ሕንፃ የለኝም ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ከአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወዲህ ከብት፣ እህልና ማሽን የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶችም በሕግ ማስያዣ ሆነው ይመዘገባሉ። በክልሉ ሕግ የእርሻ መሬት የመጠቀም መብትም ማስያዝ ይቻላል። መሬቱ አይሸጥም፣ የሚያዘው የመጠቀሙ መብት ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም ካለ ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ። ስለዚህ ቅርንጫፉ ጋ ከመሄድዎ በፊት እቤት ተማክራችሁ፣ የይዞታ ደብተሩንና የሁለታችሁን መታወቂያ ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ።