መንገዱን የምታውቀው ዘኖቢያ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ አልጋበዝኩም። የማወራው ግን ስለ አንዲት እንግዳ ነው። የምቀዳው ከደሴ ነው፤ ከጀርባዬ የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ታገሱኝ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ታሪኩ የተመዘገበው በዚያ ስለሆነ።

እንግዳዋ ወፍ ናት። ስሟ ዘኖቢያ ነው። ስሙን ያገኘችው ከጥንቷ የፓልሚራ ንግሥት ነው፤ ፓልሚራ ሶርያ በረሃ ውስጥ ያለችው ባለ ፍርስራሿ ከተማ ናት። ወፏ ከጋጋኖ ወገን ናት። ጋጋኖን የወሎ ሰው ያውቀዋል። በማለዳ ከገደሉ ተነስቶ እየጮኸ ወደ ማሳ የሚወርደው፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነው ማለት ነው። የእኛው ጋጋኖ ጉሮሮው ላይ የምትንጠለጠል ቆዳ አለችው፤ ሲበር ደግሞ ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። የዘኖቢያ ዘር ግን ፊቱም አናቱም መላጣ ነው፣ ቀላ ያለ ባዶ ቆዳ። ከማጅራቱ የተንጨባረረ ላባ ወደ ኋላ ይወርዳል። ሰውነቱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴና ሐምራዊ ያብለጨልጫል። መልከ መልካም ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

ይሄ መላጣ ጋጋኖ በአንድ ወቅት ቱርክ ውስጥ ቢሬጂክ በምትባል ከተማ በብዛት ይኖር ነበር። የከተማው ሰው ይወደው ነበር። ሐጃጆችን እየመራ ወደ መካ ይሄዳል ተብሎ ይታመን ነበርና ማን ይነካዋል? ግን በ1950ዎቹ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መርዝ ተረጨ። ወፉም ተመናመነ፣ በ1989 የዱር መንጋው አከተመ። በመካከለኛው ምሥራቅ ጠፋ ተባለ።

ከዚያ በ2002 ፓልሚራ አጠገብ ሰባት ተገኙ። ሰባት ብቻ። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ተመራማሪዎቹን ወደ ወፎቹ የመራቸው የበረሃው ዘላን በደዊንና የአዳኞቹ ወሬ ነው። ዓለም ጠፋ ያለውን ወፍ እነሱ ሁሌም ያዩት ነበር።

በ2006 ከመንጋው ሦስቱ ላይ የሳተላይት መከታተያ ታሰረ። አንዷ ዘኖቢያ ነበረች። ወፎቹ ተነሱ፤ ዮርዳኖስን፣ ሳዑዲን፣ የመንን አለፉ። ቀይ ባሕርን ተሻግረው ኤርትራ ገቡ። በመጨረሻም ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ደጋ አረፉ። እስቲ ካርታ አውጡና ከኤርትራ ወደዚያ ደጋ መስመር አስምሩ። ወሎ መሐል ላይ ነው! ስንቶቻችን ቀና ብለን ጋጋኖ ነው ብለን ትተናት ይሆን?

እኔ ወፍ ማየት የምወደው ጨፋ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወረድ ያለው የቦርከና ረግረግ። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ለምለም ነው። አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም ከብቱን ይዞ ይወርዳል። ከብቱ ባለበት ሳቢሳ አለ፣ ጭቃ ባለበት ደግሞ ከሩቅ አገር የመጣ ወፍ አይታጣም።

አንድ ቀን የሩቅ ማያ መነጽሬን እንዳነጣጠርኩ አንድ ሽማግሌ እረኛ መጡ። አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል።

«አሰላሙ አለይኩም። ምን ታያለህ ልጄ?»

«ወአለይኩም ሰላም አባባ። ወፍ ነው የማየው።»

«አይተህስ?»

«አይቼ ደስ ይለኛል።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። «እንግዲህ አላህ ደስታህን ይጨምርልህ። መታወቂያህን ግን ከኪስህ አትለይ።»

እውነታቸውን ነው። ከጦርነቱ ወዲህ በእኛ አገር መነጽር ይዞ ሜዳ ላይ መቆም ያስጠረጥራል። ይሄ ስለ ወፍ ማየት በሚወራበት ቦታ ሁሉ የሚዘለል ጉዳይ ነው።

ስልኬን አውጥቼ የመላጣውን ጋጋኖ ፎቶ አሳየኋቸው። ምንም ሳልናገር፣ «ይሄ የኛ አይደለም። ራሱ ተልጧል» አሉ። እኔ ከመጽሐፍ የተማርኩትን ልዩነት እሳቸው በአንድ እይታ ያዙት። አይተውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አላዩም።

ታዲያ ወፎቹ ምን ሆኑ? ትልልቆቹ ደርሰው ይመለሱ ነበር። ችግሩ ልጆቹ ናቸው። ወጣቶቹ ትልልቆቹን ተከትለው እኛ ጋ አልደረሱም። ዓረብ ምድር ላይ ሲንከራተቱ ከፊሎቹን አዳኝ ገደላቸው፣ ከፊሎቹን የኤሌክትሪክ ምሰሶ። ተተኪ ጠፋ። መንጋው እያነሰ ሄደ። በግንቦት 2015 ፓልሚራ በአይኤስ እጅ ስትወድቅ በማራቢያ የነበሩት ሦስት ወፎች ጠባቂዎቻቸው ሸሽተው ብቻቸውን ቀሩ። ዘኖቢያ ደግሞ የት እንዳለች አልታወቀም። ያለችበትን ለጠቆመ 1,000 ዶላር ሽልማት ተባለ። የኢትዮጵያን መንገድ የምታውቅ እሷ ብቻ ቀርታ ነበርና።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምቆመው። መንገዱ እንደ መንዙማ ነው፤ ከትልቁ ጋር ሆነው ካልያዙት አይገኝም። ጨፋን ብንጠብቀው፣ ደጋውን ብንጠብቀው፣ የሚያመጣ መሪ ከሌለ ማን ይመጣል? አውሮፓ ውስጥ ይሄንኑ ወፍ እንደገና ሲያላምዱ መንገዱን ማስተማር ግድ ሆነባቸው። ሰዎች ጫጩቶቹን እንደ እናት አሳድገው፣ በትንሽ አውሮፕላን ፊት ፊት እየበረሩ የአልፕስን ተራራ አሻግረው ጣሊያን ያደርሷቸው ነበር። ስንት ገንዘብ፣ ስንት ድካም! አንዲት አሮጊት ወፍ በነፃ ትሠራው የነበረውን።

ዘሩ ፈጽሞ አልጠፋም። ሞሮኮ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሉ፣ እየጨመሩም ነው። በ2018 ከከፋው የስጋት ደረጃ አንድ እርከን ወርዶለታል። እነሱ ግን ወደ እኛ አይመጡም።

እና እኛ ወፍ ተመልካቾች? እኔ ዘግይተን ነው የምንደርሰው ባይ ነኝ። ሳተላይት አስረን መንገዷን እያየን አጣናት። ማየት ጥበቃ አይደለም። መንገድ ላይ ያለው አዳኝ፣ ምሰሶውን የሚተክለው መሥሪያ ቤት፣ ረግረጉን በፓምፕ የሚያደርቀው ባለ እርሻ፣ ዕጣዋ ያለው በነሱ እጅ ነው። ስለዚህ ብርቅ ወፍ ሲገኝ መጀመሪያ የሚነገረው ቴሌግራም ግሩፕ አይመስለኝም፤ እዚያው ሜዳ ላይ ያለው እረኛ ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም። ቦታው ካልታወቀ ማን ይቆረቆርለታል ይላሉ። ይገባኛል። ግን ለፎቶ ሲሉ ወፍ ከጎጆው የሚያስነሱ ሰዎችን አይቻለሁ።

ስለ ሽልማቱ ለሽማግሌው ነግሬያቸው ነበር። ሳቁ። «ያኔ ብትነግረኝ ከብቱን ለልጆቹ ትቼ እሷን እጠብቅ ነበር» አሉ። ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «አሁንስ አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው።

ሐይቅም ሆነ አርዲቦ፣ ጨፋም ሆነ ደላንታ ያላችሁ፣ የጋጋኖ መንጋ ስታዩ አናታቸውን አንድ በአንድ እዩልኝ። ላባ የሌለው ካገኛችሁ ከሩቅ ፎቶ አንሱና ቦታውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉት። በሚቀጥለው ክፍል ስለ ጥምብ አንሳ እና ስለ ኤሌክትሪክ ምሰሶ አወራለሁ። ደህና ሁኑ።