በየትኛው ፈረስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ኪሎ ዋትን ወደ ፈረስ ጉልበት ስለሚቀይር አንድ የማባዣ ቁጥር ላወራችሁ ነው።

«ይህ ሞተር 100 ኪሎ ዋት ነው፤ ስንት የፈረስ ጉልበት ይሆናል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ በየትኛው ፈረስ? የምቀልድ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በአንደኛው ፈረስ 134፣ በሌላኛው 136 ነው የሚሆነው።

የነገሩ መነሻ ገበያ ነው። ጄምስ ዋት በ18ኛው መቶ ዘመን የእንፋሎት ሞተሩን ሲያቀርብ፣ አሮጌ የእንፋሎት ሞተር ከነበራቸው ደንበኞች የሚቀበለው አዲሱ ሞተር ካተረፈላቸው የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሲሶውን ነበር። ብልህ ውል ነው፤ ወፍጮውን በፈረስ ለሚያስነዳ ሰው ግን አይሠራም፤ እሱ ከመጀመሪያውም ከሰል አያነድም። ይህ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ማሽኑ ስንት ፈረስ እንደሚተካለት ነው። ስለዚህ ዋት ወፍጮ የሚያዞር ፈረስ ያለውን ጉልበት አሰላና፣ በደቂቃ 33,000 ፓውንድ አንድ ጫማ ከፍ ማድረግ ነው ብሎ ወሰነ።

በእኛ መለኪያ 76 ኪሎ የሚመዝን ሸክም በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ማንሳት ማለት ነው፤ 745.7 ዋት። አንድ ጎልማሳ ሰው በሰከንድ ሜትር እየወጣ በገመድ ሲሳብ አስቡት። ፈረስ ይህን ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ይችለዋል ወይ? ብዙዎቹ አይችሉም። ለጥቂት ሰከንዶች ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የፈረስ ጉልበት የትኛውንም ፈረስ በትክክል አይገልጽም፤ የተስማማንበት ልክ ነው።

በኋላ ሜትርና ኪሎ የሚጠቀሙ አገሮች የራሳቸውን ፈረስ አወጡ። 76 አልተመቻቸውም መሰለኝ፤ 75 ኪሎ በሰከንድ አንድ ሜትር አሉ፤ 735.5 ዋት። የልዩነቱ ሁሉ ምንጭ ይህች አንድ ኪሎ ናት! በትንሽ ሞተር ላይ አትታይም። በ300 ኪሎ ዋት ላይ ግን 402 እና 408 ሆና ትመጣለች፤ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው የቱን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። የእንፋሎት ማመንጫ ቦይለር የሚለካበት ፈረስማ ብቻውን ወደ 9.8 ኪሎ ዋት ይጠጋል፤ እሱን ከሁለቱ ጋር ባናስተያየው ይሻላል።

እኔን የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ለኃይል መለኪያ አዲስ ስም ሲፈለግ ዋት ተባለ። ፈረሱን ያመጣው ሰውዬ ስሙ ለፈረሱ ተቀናቃኝ ተሰጠ።

በጭንቅላት ማስላት ለምትወዱ፦ ኪሎ ዋቱ ላይ ሲሶውን ጨምሩበት፣ ወደ ጄምስ ዋት ፈረስ በጣም ትቀርባላችሁ። ሲመለስ ከፈረሱ ሩቡን ቀንሱ። ለሁለተኛው ፈረስ በ1.36 አባዙ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ጎን ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተመልከቱ፤ 7.5 ኪሎ ዋት፣ 10 የፈረስ ጉልበት ትላለች። ሁለቱም ቁጥሮች የሚናገሩት ዘንጉ ላይ ስለሚወጣው ጉልበት ነው እንጂ ሞተሩ ከመስመር ስለሚስበው ኤሌክትሪክ አይደለም። ሞተሩ ከሚገባለት 90 በመቶውን ወደ ሥራ የሚለውጥ ከሆነ፣ በሙሉ ጭነት ሲሠራ የሚስበው 8.3 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው የሚመዘግበውም 8.3 ኪሎ ዋት ሰዓት እንጂ 7.5 አይደለም። 10 ፈረሱን በትክክል ቀይሮ 7.5 ኪሎ ዋት ብቻ የሚሰጥ ጄነሬተር የገዛ ሰው፣ ሒሳቡ ምንም ሳይሳሳት ሞተሩን በሙሉ ጭነት ማሠራት ያቅተዋል። ሞተር ሲነሳ ለአፍታ የሚስበው ደግሞ ከዚህም በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እሱን በሚቀጥለው ክፍል እናየዋለን።