ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ፦ በማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህሮቻችን፣ የትምህርት ቤታችን ሰራተኞች፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማህበራችን አባላት፣ ተማሪዎቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከወልዲያ፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ መንገዱን ችላችሁ ለመጣችሁ፣ ደሴ ቤታችሁ ናት። ሼኾቻችንና ቄሶቻችን መርቀውናል፤ እኛም አሜን ብለናል። አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በየዓመቱ ስንገናኝ የምናወራው ስለ መምህራንና ስለ ውጤት ነው። ተገቢም ነው። ዘንድሮ ግን ስማቸው ከመድረክ የማይጠራ ሰዎችን ላነሳ ነው። የተማሪውን ውጤትና ማስረጃ የሚይዘውን የሬከርድ ክፍሉን፣ የላብራቶሪ ቴክኒሺያኑን፣ የንብረት ክፍሉን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የጽዳትና የጥበቃ ሰራተኞቹን። እነዚህ ሰዎች ሲጎድሉ የሚባክነው የመምህሩ ክፍለ ጊዜ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው ገንዘባችንና ጉልበታችን አስቀድሞ ወደ እነሱ እንዲሄድ እጠይቃችኋለሁ።

ከሬከርድ ክፍል ልጀምር። እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ፤ ታገሱኝ።

አንድ የ9ኛ ክፍል ሴክሽን 50 ተማሪ አለው እንበል። የትምህርት ዓይነቱ ከ10 በላይ ነው። ይህ ማለት የክፍሉ ስም ጠሪ መምህር በአንድ ሴሚስተር ብቻ ከ500 በላይ ውጤት ሮስተር በሚባለው የውጤት መዝገብ ላይ ያሰፍራል ማለት ነው። ከዚያ ድምሩ፣ አማካዩ፣ ደረጃው ይሰራል። ካርድ ይጻፋል። ይሄ ሁሉ ለአንድ ሴክሽን ነው። የሁሉም ሴክሽን ሮስተር መጨረሻው ሬከርድ ክፍል ነው። እዚያ አንዲት ቁጥር ከተዛባች ልጁ ትራንስክሪፕቱን ሲያወጣ ነው ጉዱ የሚታየው። ያኔ ደግሞ ያስተማረው መምህር ተዛውሮ ይሆናል።

የስም ነገር አለ ደግሞ። ወሎ ውስጥ ሙሐመድ የሚባል ልጅ የሌለበት ክፍል ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ጋ ሙሐመድ፣ ሌላው ጋ ሙሀመድ፣ ሦስተኛው ጋ መሀመድ ተብሎ ይጻፋል። ሰዒድና ሰይድም እንደዚያው ናቸው። በ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ ያለው ስምና ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተመዘገበበት ስም ካልገጠመ ልጁ ስንት ቢሮ ይንከራተታል! የሬከርድ ሰራተኛዋ በምዝገባ ሰሞን እያንዳንዱን ልጅ ጠርታ «ስምህን አንብብ፣ የአባትህን፣ የአያትህን» የምትለው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ልጅ ይሰለቻል። እሷ ግን መዘዙን ታውቀዋለች።

ሳዑዲ ያለ የሰፈራችን ልጅ ውክልና ልኮ፣ ወንድሙ ከብዙ ዓመት በኋላ ማስረጃውን ሊያወጣለት ይመጣል። ወረቀቱ ከተገኘ ልጁ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ የተሻለ ስራም ይይዛል። ካልተገኘስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በወሎ ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘረፈ፣ ስንቱ ፋይል እንደተበተነ ሁላችንም እናውቃለን። ወንበር ይገዛል። መስኮት ይሰራል። የአንድ ልጅ የአራት ዓመት ውጤት ከጠፋ ግን ከየትም ተገዝቶ አይመጣም። እስከ ዛሬ ሮስተር በካርቶን ታሽጎ ሳይ ልቤ የሚርደው ለዚህ ነው።

ወደ ላብራቶሪ ልለፍ። የኬሚስትሪ መምህር ያለው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ከ40 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተማሪውን አስገብቶ፣ ኬሚካሉን በጥብጦ፣ ዕቃውን አድሎ፣ አስተምሮ፣ አጥቦ መመለስ አይችልም። ቴክኒሺያኑ ቀድሞ ገብቶ ነው የሚያዘጋጅለት። አሲድ ሲያቀጥን አሲዱን ቀስ እያደረገ ወደ ውሃው ይጨምራል፤ ውሃውን ወደ አሲዱ አይገለብጥም። ከተገለበጠ ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። አሲዱን ከቤዙ ለይቶ ያስቀምጣል። ጊዜው ያለፈበትን ለይቶ ያወጣል። ይህ ሰው ከሌለ በሩ ይቆለፋል፤ ልጆቹም ቢዩሬትን፣ ያንን የፈሳሽ መለኪያ ቱቦ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ ብቻ ያዩታል። እርዳታ ሲባል ሁላችንም ቀድሞ ትዝ የሚለን ግንባታ ነው። ሰው የሌለበት ላብራቶሪ ግን የዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ይህን በግልጽ መነጋገር አለብን።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተናን በዩኒቨርሲቲዎች ከወሰዱት ተማሪዎች የፈተናውን ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ሁሉም ጣቱን መምህሩና ተማሪው ላይ ቀሰረ። የተቆለፈውን ላብራቶሪ፣ ሰራተኛ አጥቶ በጊዜ የሚዘጋውን ቤተ መጻሕፍት ስንቱ አነሳ?

የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያወጡት ምክትል ርዕሰ መምህርና ዩኒት መሪዎችም ምስጋና ይገባቸዋል። አንድ መምህር ሲታመም ድልድሉ ይናጋል። የዓርብ ቀን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ለጁምዓ ሰላት የሚወጡ መምህራንና ተማሪዎች አሉና ሰዓቱ በልክ መሸንሸን አለበት። ረመዳንና ዓቢይ ጾም ሲገጥሙ ልጆቹ መቼ እንደሚደክማቸው አውቀው ከባዱን ትምህርት ወደ ጠዋት የሚስቡ አሉ። ይህን ያስተዋለ ድልድል ያወጣ ሰው ልጆቹን በደንብ ያውቃቸዋል።

ንብረት ክፍሉን በአጭሩ ልንካው። መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ቢጎድል ተጠያቂዋ የንብረት ሰራተኛዋ ናት። አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፍ ባነሰበት ጊዜ አንዱን መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደምታዳርስ ስትጨነቅ የነበረችውም እሷው ናት።

አሁን ወደ ጽዳት ሰራተኞቻችን። ደሴ ላይ የውሃን ነገር ለእናንተ አልነግራችሁም። በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውሃ የመጣ ቀን ማልደው ገብተው ሮቶውን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ሮቶው ባዶ ከሆነ መጸዳጃ ቤቱ ይዘጋል፤ ያን ቀን ቀድመው ወደ ቤት የሚሄዱት ሴት ልጆች ናቸው። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ሞዴስና ውሃ ካላገኘች ቀኑን ሙሉ ክፍል ልትቀመጥ አትችልም። በየወሩ እንዲህ ከቀረች በዓመት ስንት ትምህርት እንደሚያመልጣት አስሉት። ብዙዋ ልጅ ይህን ለመምህር አትናገርም። ለጽዳት ሰራተኛዋ ነው የምትናገረው። እናት ስለሆነች። ታዲያ እነዚህ እናቶች ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ በጦሳ ተራራ ብርድ ሲያጸዱ ማየት ሊከብደን ይገባል።

የበር ጥበቃዎቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከደላንታ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉን። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ሰኞ የሚቀሩ አሉ። ስንቅ ያለቀበትን ልጅ ቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ጥበቃው ነው። ጠዋት በር ላይ ፊቱን አይቶ ያውቃል። ማክሰኞም ካልመጣ ለስም ጠሪው መምህር ይነግራል። መምህሩም ቤተሰብ ጋ ይደውላል። ልጅ ትምህርት ሳያቋርጥ የሚተርፈው እንዲህ ባለ ቅብብል ነው። ይህ በማንም የስራ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም።

ስለዚህ ስራ አስፈጻሚው ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ለሬከርድ ክፍሉ ኮምፒውተርና ስካነር ይውላል። ያለው ሮስተር ሁሉ በስካነሩ ይነሳና ቅጂው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ሌላ ቦታም ይቀመጣል። ኮምፒውተር የምታውቁ ወጣት አባላት በክረምቱ ጉልበታችሁን ስጡን፤ ለዚህ ስራ ሰው መቅጠር ከአቅማችን በላይ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምታስተምሩ አባሎቻችን ደግሞ ለቴክኒሺያኑ ስልጠና እንድትሰጡ፣ ያለውንም ኬሚካል አብራችሁት እንድትፈትሹ እንለምናለን። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ጋውን፣ ሁለተኛ ሮቶና ሞዴስ ከአባልነት መዋጮው ይገዛሉ። የደመወዝ ነገር የመንግስት ነው፤ እኛ ማስተካከል አንችልም። ባዶ የሆኑት የስራ መደቦች እንዲሞሉ ግን ከወላጅ መምህር ህብረቱ ጋር ሆነን የትምህርት መምሪያውን በር እናንኳኳለን። አንዴ ጠይቀን አንተወውም።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። የመማሪያ ክፍል ግንባታው ይቅደም የምትሉ በውይይቱ ሰዓት ተናገሩ። ትምህርት ሚኒስቴር ለአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው የሚለው፤ እኛ ጋ መጨናነቁ እውነት ነው። ይሁንና ውሳኔ ከመስጠታችን በፊት ሰራተኞቹ ራሳቸው ይናገሩ። ከእኔ ቀጥሎ መድረኩን የምትረከበው የሬከርድ ክፍል ኃላፊዋ ናት፤ ከእሷ በኋላ የላብራቶሪ ቴክኒሺያኑ፣ ከዚያ የጽዳት ሰራተኞቹ ተወካይ። ከቡና በኋላ ክፍሎቹን እየዞርን እናያለን። የዓመቱ ጉባኤያችን መከፈቱን በአክብሮት አስታውቃለሁ። እህታችን፣ ነይ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።