ተማሪነት ሳያበቃ፦ በዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና መስክ ኢንተርንሺፕ፣ ፌሎሽፕና ሥራ ስለ መፈለግ

የተከበራችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ መምህራንና የሙያ ባልደረቦች፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በዓለም አቀፍ የኅብረተሰብ ጤና መስክ ኢንተርንሺፕ፣ ፌሎሽፕና ሥራ እንዴት እንደሚገኝ ነው። በዚህ ርእስ ላይ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ረጅም የድረ ገጾች ዝርዝር ይዞ ይቀርባል፤ ዝርዝሩን ግን እናንተ ከእኔ በፈጠነ ጊዜ ልታገኙት ትችላላችሁ። እኔ ላተኩርበት የምፈልገው ዝርዝሩ ጎልቶ የማያሳያችሁን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም እነዚህ ዕድሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የጊዜ ገደብ ያላቸው መሆኑ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ክፍት የሚሆኑት አሁን እንዳላችሁበት ሁኔታ ተማሪ ለሆነ ወይም በቅርቡ ለተመረቀ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። "ዲግሪዬን ልያዝና ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ" ብሎ ነገሩን የሚያቆይ ተማሪ ከፊሉን ዕድል ሳያውቀው ያሳልፋል።

ሦስቱ ነገሮች በአንድ ላይ ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም። ኢንተርንሺፕ ከትምህርት ጋር የተያያዘ አጭር የልምምድ ጊዜ ነው፤ ድርጅቱ አልቀጠራችሁም፣ ለመቅጠርም ቃል አልገባም። ፌሎሽፕ አብዛኛውን ጊዜ ከምረቃ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በባለሙያ ክትትል ሥር እየሠሩ የሚማሩበት፣ አበል ያለው መርሐ ግብር ነው። ሥራ የሚባለው ደግሞ ደረጃ፣ ደመወዝና የሥራ ልምድ መስፈርት ያለው ውል ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ማመልከቻ የሚልክ ሰው ለአንዱም በትክክል አላመለከተም።

የጊዜ ገደብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በዓለም ጤና ድርጅት ኢንተርንሺፕ ላሳይ። አመልካቹ ቢያንስ 20 ዓመት የሞላውና የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያጠናቀቀ መሆን አለበት፤ በዲግሪ መርሐ ግብር ተመዝግቦ እየተማረ መሆንም ይጠበቅበታል፣ ተመርቆ ከሆነ ግን ማመልከት የሚችለው ትምህርቱን ባጠናቀቀ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ቆይታው ከ6 እስከ 24 ሳምንት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሴክሬታሪያት በበኩሉ ተመራቂው በተመረቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ልምምዱን እንዲጀምር ይጠይቃል፤ ዩኒሴፍ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይታገሣል። ልብ በሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚቆጥረው የማመልከቻውን ቀን ነው፣ ሴክሬታሪያቱ የሚቆጥረው ልምምዱ የሚጀመርበትን ቀን ነው። ከማመልከቻ እስከ ጥሪ ብዙ ወራት ሊያልፉ ስለሚችሉ ይህ ልዩነት አንድን ብቁ አመልካች ከውድድር ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ማስተርስ የሚማር ሰው ማመልከት ያለበት በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሳይሆን የመጀመሪያው ዓመት ከመጠናቀቁ በፊት ነው፤ የመመረቂያ ጥናቱን የሚያስረክብበትን ጊዜ በመጠኑም ቢሆን መወሰን የሚችል ተማሪም እነዚህን ቀኖች አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል። ትምህርት ቤቱ የተግባር ልምምድን የዲግሪው አካል ካደረገው ደግሞ ያ ወቅት ለዚሁ መዋል አለበት።

ስለ ገንዘብ በግልጽ መነጋገር ይገባናል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝባት ጄኔቫ ከዓለም ውድ ከተሞች አንዷ ናት፤ ለረጅም ዓመታት በዚያ ያለ ክፍያ መለማመድ የቻሉት በአብዛኛው ቤተሰባቸው ወይም መንግሥታቸው ሊደግፋቸው የሚችል ወጣቶች ነበሩ፣ ይህም ኢንተርኖቹ ከየት እንደሚመጡ ወሰነ። የድርጅቱ የበላይ ወሳኝ አካል የሆነው የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ባሳለፈው ውሳኔ በ2022 ተቀባይነት ከሚያገኙት ኢንተርኖች ቢያንስ 50 በመቶው በልማት እጅግ ወደ ኋላ ከቀሩና መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች እንዲሆኑ ግብ አስቀመጠ፤ ከ2020 ጀምሮም ድርጅቱ ሌላ ድጋፍ ለሌላቸው ኢንተርኖች የኑሮ ድጎማ መስጠት ጀመረ። የጉዞ ወጪ ግን በአብዛኛው የአመልካቹ ነው፤ በሴክሬታሪያቱም ኢንተርንሺፕ ክፍያ የለውም። በእኔ እምነት ማንም ሰው ተበድሮ ያለ ክፍያ ሊለማመድ አይገባውም። የማትችሉት ከሆነ ይህ የእናንተ ድክመት አይደለም፤ ሌላ መንገድም አለ።

አንደኛው መንገድ ከዋናው መሥሪያ ቤት ላይ ዓይንን ማንሣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዛቪል፣ በካይሮ፣ በኮፐንሃገን፣ በኒው ዴልሂ፣ በማኒላና በዋሽንግተን ክልላዊ ጽሕፈት ቤቶች፣ ከዚያም አልፎ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች የአገር ጽሕፈት ቤቶች አሉት። በጄኔቫ ያለ ተለማማጅ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሰነድ በማንበብና በማጠናቀር ነው፤ በአገር ጽሕፈት ቤት ያለው ግን የክትባት ዘመቻ ሲታቀድ፣ የወረርሽኝ ሪፖርት ሲመጣና ከጤና ሚኒስቴሩ ጋር ክርክር ሲነሣ ጠረጴዛው አጠገብ ይቀመጣል። ለሙያ ዕድገት የትኛው እንደሚበልጥ ለእኔ ጥያቄ አይሆንብኝም፤ በሲቪ ላይ የቱ ያምራል ከተባለ ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ማስታወቂያ ያልወጣለት ልምምድ ነው። የምትከታተሉት ርእስ ለምሳሌ የወባ መድኃኒት መላመድ ከሆነ፣ በዚያ ርእስ ላይ ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት የወጡ ጥናቶችን አውጥታችሁ የደራሲዎቹን ስም ተመልከቱ። በሕክምናና በጤና ጥናቶች መጨረሻ ላይ የተጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ መሪ ነው፤ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በእጁ የሠራው፣ ብዙ ጊዜም ደብዳቤያችሁን አንብቦ የሚመልስላችሁ ሰው ነው። ለእርሱ የምትጽፉት ደብዳቤ የሕይወት ታሪክ መሆን የለበትም። "በጥናትዎ ውስጥ የጠፉ መረጃዎችን ያስተናገዱበት መንገድ ለመመረቂያ ጥናቴ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ሦስት ወር ነጻ ነኝ፣ መረጃ ማጽዳትና አር በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መተንተን እችላለሁ፤ በቡድንዎ ውስጥ እጅ የሚያስፈልገው ሥራ ካለ ብጠቅም ደስ ይለኛል" የሚል አራት መስመር ይበቃል። ደብዳቤው ጥናቱ መነበቡን፣ የጊዜውን ልክና የሚቀርበውን ችሎታ ስለሚናገር መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙዎቹ አይመልሱም፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም።

ማስታወቂያ ወጥቶ ስታመለክቱ ደግሞ ንባባችሁ ጥንቃቄ ይሻል። የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ማስታወቂያዎች መስፈርቶችን ግዴታ የሆኑና ተመራጭ የሆኑ ብለው ይለያሉ። ከግዴታዎቹ አንዱ ከጎደለ ማመልከቻው በመጀመሪያው ማጣሪያ ይቀራል፤ ከተመራጮቹ ሁለት ሦስቱ ቢጎድሉ ግን ማመልከትን ሊያስቀር አይገባም። ልምድ ያላችሁባቸውን ነገሮች ስትገልጹም ማስታወቂያው የተጠቀመባቸውን ቃላት ተጠቀሙ፤ "የበሽታ ቅኝት" የሚል ከሆነ እናንተ "ክትትል" ብላችሁ አትለፉት። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። በሲቪ ላይ "በመረጃ ትንተና ተሳትፌያለሁ" የሚል ዐረፍተ ነገር ምንም አይናገርም፤ ስንት ሰው ተሳተፈ፣ አመልካቹ ምን ሠራ፣ ምን ተገኘ የሚለው አይታወቅም። ለአብነት ያህል ይህንኑ ልምድ "ከ14 ጤና ጣቢያዎች የመጣ ሳምንታዊ የኩፍኝ ሪፖርት አጽድቼ፣ ዘግይተው የሚልኩትን ለይቼ፣ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ሰንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ" ብላችሁ ብትጽፉት አንባቢው ሰውየውን ሥራ ላይ ያየዋል። መረጃው ከዲኤችአይኤስ2 የወጣ ከሆነም ስሙን ጥቀሱ፤ በብዙ አገሮች የጤና መረጃ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ስለሆነ ቀጣሪው ወዲያው ይረዳችኋል።

ስለ ቋንቋ አጭር ቃል ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ዐረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛና ስፓኒሽ ናቸው። ከእንግሊዝኛ ሌላ አንዱን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ መቻል፣ በተለይም ፈረንሳይኛን፣ ከተጨማሪ የምስክር ወረቀት ይልቅ ብዙ በር ይከፍታል።

አሁን ወደ ሥራው ስንመጣ ገበያውን እንዳለ ማየት አለብን። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የውጭ እርዳታውን አቋረጠ፤ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲም በጁላይ 1 ቀን 2025 የእርዳታ ሥራውን መምራት አቆመ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2026 እና 2027 በጀት መጀመሪያ ከታቀደው 5.3 ቢሊዮን ዶላር ወደ 4.2 ቢሊዮን ዶላር ወረደ። ይህ ማለት ቦታዎች ተቀንሰዋል፣ ሥራቸውን ያጡ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎችም እናንተ በምታመለክቱባቸው ቦታዎች ይወዳደራሉ ማለት ነው። ይህን የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ የገንዘቡ ምንጭ ከየት እንደሆነ ሳያጣሩ ማመልከት አደገኛ መሆኑን ለማሳየት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ገንዘቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከግል ለጋሾች ነው፣ ኤፒሴንተር የተባለ የኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም የበሽታዎችን ሥርጭትና መንሥኤ የሚያጠና፣ ተቋምም አለው። የጤና ምርምርን የሚደግፈው ዌልካም ትረስት የራሱ ሀብት አለው። አፍሪካ ሲዲሲ፣ ማለትም የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በይፋ ሥራ የጀመረ የአፍሪካ ኅብረት ተቋም ነው። የየአገሩ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቶችም አሉ፤ እነዚህ ዓለም አቀፍ ተብለው ባይጠሩም ዓለም አቀፍ ሥራ ይሠራሉ።

በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ውስጥ ማስተርስ ያለው ሰው ፒ2 በሚባለው የጀማሪ ባለሙያ ደረጃ ለመቀጠር በተለምዶ ሁለት ዓመት፣ ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ፒ3 አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልገዋል። ገና የተመረቀ ሰው ለፒ3 ሲያመለክት ማየት ያሳዝናል፤ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል። ያንን የሁለት ዓመት ክፍተት የሚሞሉ መንገዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ የወጣቶች ምድብ አለው፤ የስፔሻሊስት ምድቡ ከ27 ዓመት ይጀምራል፣ ለሁለቱም የኑሮ አበል ይከፈላል። የአፍሪካ ኅብረት የወጣቶች በጎ ፈቃደኞች ኮርም ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን የአባል አገሮች ዜጎች ይቀበላል። ጁኒየር ፕሮፌሽናል ኦፊሰር የተባለው መርሐ ግብር ወጪውን ስፖንሰር የሚያደርጉት መንግሥታት የሚሸፍኑት ሲሆን የዕድሜው ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 32 ዓመት ነው፤ አብዛኞቹ መንግሥታት የሚልኩት የራሳቸውን ዜጎች ነው፣ እንደ ኔዘርላንድስና ጣሊያን ያሉ ግን ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡም ቦታ ያዘጋጃሉ። ከአገራችሁ ዜጎች ማን ማመልከት እንደሚችል በየዓመቱ ይለወጣልና ያለፈውን ዓመት ዝርዝር አትመኑ።

ፌሎሽፕን በተመለከተ ከሁሉ የምመርጠው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናን ነው። አሌክሳንደር ላንግሙር እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ የመሠረተው የወረርሽኝ መርማሪዎች አገልግሎት ሠልጣኞችን ለሁለት ዓመት ወደ ሥራ ያሰማራ ነበር፤ በክፍል ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ ወረርሽኝ ወደ ተነሣበት ቦታ ሄዶ፣ የታማሚዎችን ዝርዝር ይዞ፣ ከየት እንደመጣ ማጣራት የሥልጠናው ዋና ክፍል ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች ይህንኑ ሞዴል የተከተሉ መርሐ ግብሮች አሉ፤ ቴፊኔት በተባለው ማኅበርም ይተሳሰራሉ። አብዛኞቹ ሠልጣኞችን የሚመለምሉት ከየአገራቸው ጤና ሚኒስቴርና ከሥሩ ካሉ መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ስለዚህ የሚገባው ሰው አስቀድሞ በአገሩ የጤና ሥርዓት ውስጥ ቦታ የያዘ መሆን አለበት። እኔ ይህን እንደ ጉዳት አላየውም። በወረርሽኝ መሐል የሠራ ሰው በኋላ ለዓለም አቀፍ ቦታ ሲወዳደር ቃለ መጠይቁ ላይ የሚናገረው ነገር አለው። ጥናት ላይ ያተኮራችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው ቲዲአር የተባለው የትሮፒካል በሽታዎች የምርምርና ሥልጠና ልዩ ፕሮግራም የሚሰጠውን የማስተርስ ድጋፍና የክሊኒካል ምርምር ፌሎሽፕ ተከታተሉ።

ቃለ መጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ "እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምህ ምን አደረግህ" የሚል ነው። በብቃት ላይ የተመሠረተ ስለሚባል ስለ ዕቅድና ስለ ምኞት ሳይሆን ስለተፈጸመ ነገር ይጠይቃል፤ ስለ ሁኔታው፣ ስለ ነበረባችሁ ኃላፊነት፣ ስለ ወሰዳችሁት እርምጃና ስለ ውጤቱ አራት አምስት ታሪኮችን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ከቃለ መጠይቁ በፊት የጽሑፍ ፈተና ብዙ ጊዜ አለ፤ የተሰጠን ሰንጠረዥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ ገጽ ማስታወሻ መለወጥን የመሰለ ፈተና ሊሆን ስለሚችል በቤታችሁ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ።

በመጨረሻም ጥሪው ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። የሕክምናና የአደጋ መድን ማን ይሸፍናል? የቪዛው ወጪ የማነው? በጥናቱ ውስጥ ስማችሁ በደራሲነት ይገባል ወይስ በምስጋና ብቻ ይታለፋል? መረጃውን ለመመረቂያ ጥናታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ በቃል የተባለ ነገር ተቆጣጣሪው ሲቀየር ይረሳል። ለማመልከቻ፣ ለፈተና ወይም ለሥልጠና ክፍያ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለም በድርጅቶቹ ስም የሚያጭበረብር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ ሌሎቹ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በየትኛውም የቅጥር ደረጃ ከአመልካች ገንዘብ አይጠይቁም።

ስለ አዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከዚህ በኋላ በየግላችሁ የያዛችኋቸውን ማስታወቂያዎችና ሲቪዎች ይዘን ጥያቄዎቻችሁን አንድ በአንድ እንመለከታለን።