መርፌው ገባ፣ ሰውየው ለምን ባሰበት?

[ምስል፦ ደብረ ብርሃን ማለዳ፤ ውርጭ ያረፈበት ሣር፣ በርኖስ የለበሰ ሰው በጎቹን ሲነዳ]

ተራኪ፦ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በጥቅምት ሌሊት እዚህ የደረበውን የሚያወልቅ የለም፤ ጋቢ፣ በርኖስ፣ ከላይ ደግሞ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ዝተት። ችግሩ፣ የልብስ ቅማልም ሙቀት ትወዳለች። ስፌት ለስፌት ትገባና እዚያው ትራባለች።

[ምስል፦ የልብስ ስፌት በቅርበት]

እሷ ከምታመጣቸው በሽታዎች አንዱ ግርሻ ትኩሳት ነው። ተህዋሲዋ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ትባላለች፤ በማይክሮስኮፕ ስትታይ የተጠማዘዘ ቀጭን ክር ትመስላለች። ብዙ ሰው በሽታው በንክሻ የሚተላለፍ ይመስለዋል። ዋናው መንገድ ግን ሌላ ነው፦ ሰው ሲያክ ቅማሏ ትደፈጠጣለች፣ ፈሳሿም በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቅማል በጥፍር መግደል፣ የለመድነው ቢሆንም፣ ለዚህ ነው የማይመከረው።

ትኩሳቱ ለቀናት ያንገላታና ይለቃል። «ተሻለኝ» ብሎ ወደ ማሳው የወጣው ገበሬ ከሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ይወድቃል። ሰውነቱ ተህዋሲዋን የሚለየው በላይዋ ባለው ፕሮቲን ነው፤ ያንን የቀየሩት ጥቂቶች ሳይታወቁ ተርፈው እንደገና ተራብተዋል።

[ምስል፦ ጤና ጣቢያ፣ አልጋ ላይ የተኛ ሕመምተኛ]

አሁን ወደሚገርመው ነገር። አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም አንድ ጊዜ የሚሰጥ ቴትራሳይክሊን ተህዋሲዋን ያጠፋል። ግን በሰዓታት ውስጥ ሕመምተኛው ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ከበፊቱ ብሶ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። አስታማሚ ይህን አይቶ «መርፌው ሊገድለው ነው!» ቢል አይፈረድበትም።

ሐኪሞች ያሪሽ ሄርክስሃይመር ይሉታል። ተህዋሲያኑ በአንድ ጊዜ ከደም ሲጠፉ የሰውነት መከላከያ ይቆጣል፤ ቲኤንኤፍ የተባለውንና መሰል የብግነት መልእክተኞችን ያጎርፋል። የሚያንቀጠቅጠው ይህ የራስ ቁጣ ነው።

ታዲያ ቲኤንኤፍን ቀድሞ ማሰር ቢቻልስ? አዲስ አበባ ውስጥ 49 ሕመምተኞች ላይ ተሞከረ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ከወሰዱት 20 ሰዎች ቁጣው የታየው በ10ሩ ነበር። ካልወሰዱት 29 ግን በ26ቱ። ፀረ እንግዳ አካሉ የተገኘው ደግሞ ከበግ ደም ነው። የመንዝ በግ ነው አላልኩም!

[ምስል፦ ነርስ የደም ግፊት ስትለካ]

ይህ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ሕመምተኛው መርፌውን እንደተወጋ ወደ ቤት አይሄድም፤ ተኝቶ፣ ፈሳሽ እያገኘ፣ ግፊቱና ትኩሳቱ እየታየ ይቆያል። በዚያው ጊዜ ቤት ያለው ልብሱ ይቀቀላል። ዝተት ግን ማን ይቀቅላል? እሱን በፕላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርጋችሁ አስሩና 2 ሳምንት ሰው ሳይለብሰው ይቀመጥ፤ ቅማል ደም ካላገኘች በሳምንት ገደማ ታልቃለች፣ ከቅጫሙ የሚፈለፈሉትም እንዲሁ።