ዝናብ አይከሰስም

(ክረምት ሊገባ ሲል ድሬዳዋ ላይ ለሚኒባስ ባለንብረቶችና ሾፌሮች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተራ አስከባሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሰብሳቢያችን «ስለ ክረምት አነዳድና ስለ ሕጉ ትንሽ ንገረን» ብለውኛል። ስለ አነዳዱ እኔ እናንተን አላስተምርም። በሐረር መንገድ የደንገጎን ዳገት በጉም ስትወጡና ስትወርዱ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። ስለ ሕጉ ግን የምለው አለኝ። ከሕጉም አንዱን ነገር ነው አጥብቄ የምይዘው። ሌላውን በሩጫ አልፈዋለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንዳንዶቻችሁ ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ታውቁኛላችሁ። ፊት ወንበር ላይ ካሉት አባቶች ቢያንስ ሁለቱ ጆሮዬን ቆንጥጠውኛል። በ17 ዓመቴ የድሬ–ሐረር መስመር ረዳት ነበርኩ። «ሐረር፣ ሐረር፣ ሁለት ሰው የቀረው!» እያልኩ ድምፄ የጎረነነው በጉርምስና ብቻ አይደለም።

ነሐሴ ነበር። የመኪናችን የዝናብ መጥረጊያ ከሞተ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሾፌሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለባለቤቱ ሦስት ጊዜ ነግሮታል። ሦስተኛው ላይ እኔም አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ባለቤቱ ወደ ሰማይ አየ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። «አቦ! ድሬ ላይ ዝናብ የት አለና ነው መጥረጊያ የምትለኝ?» አለው።

እውነቱን ነው፣ ድሬ ላይ ዝናብ አልነበረም። መኪናዋ ግን እዚሁ ከተማ፣ ሳቢያንና ከዚራ ሠፈር ብቻ አይደለም የምትሽከረከረው። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የደንገጎ አናት ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ከታች በካናቴራ ትነሳለህ፣ ላይ ስትደርስ ጃኬት ያምርሃል። ይህን የማያውቅ የድሬ ልጅ አለ? በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በዚያ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን ጎርፉ የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። «ድሬ ላይ ዝናብ የለም» የሚለውን ወሬ ያን ጊዜ መቅበር ነበረብን።

ወደ ጨዋታዬ ልመለስ። ከሐረር ስንመለስ አወዳይን አልፈን ሰማዩ ጠቆረ። ደንገጎ ስንደርስ ዝናቡም ጉሙም ባንድ ላይ ወረዱብን። ሾፌሩ ሲጋራ ፈልፍሎ ትምባሆውን መስታወቱ ላይ አሸ። የድሮ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ውሃው መስታወቱ ላይ እንዳይቆም ነው። አልሠራም። ከዚያ እኔን በመስኮት አወጣኝ። ወገቤ ድረስ ውጭ ነኝ። በአንድ እጄ መኪናውን ጨብጫለሁ፣ በሌላው መስታወቱን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ተሳፋሪው «አቁም!» ይላል። ሾፌሩ «ማታ ገቢ አለብኝ» ይላል። ለባለቤቱ የሚያስረክበው ገቢ ከጎደለ ከኪሱ ነበር የሚሞላው።

አንዲት እናት የወተት ጀሪካን ተሸክመው ዳር ይዘው ይሄዱ ነበር። አላየናቸውም። መጀመሪያ የሰማነው የጀሪካኑን ድምፅ ነው። ወተቱ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ በአስፋልቱ ቁልቁል ወረደ። አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ትራፊክ መጥቶ የአደጋውን ፕላን አነሳ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ። «ዝናብ ነበር፣ ጉም ነበር፣ ምንም አይታይም ነበር» አልኩ። ውሸት የለበትም። ስለ መጥረጊያው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ባለቤቱ ጣቢያው በር ላይ «ልጄ፣ ያየኸውን ብቻ ተናገር፣ ነገር አታብዛ» ብሎኝ ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሾፌሩ ታሰረ። ባለቤቱ ሙዝና ስኳር ይዞ ሆስፒታል ሄደ። «ቀደር ነው፣ እናቴ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አላቸው። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» አሉ። በዚያው ሳምንት መኪናዋ ሌላ ሾፌር አገኘች። አዲስ የዝናብ መጥረጊያም ተገጠመላት።

ዓመታት አለፉ። ሕግ ትምህርት ቤት ገብቼ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2081 አነበብኩ። ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው። እኔ ሳልወለድ የወጣ ነው። መኪና በሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ጥፋት ይኑርበት አይኑርበት አይጠየቅም። ቀጥዬ 2086ን ገለጥኩ። ባለቤቱ «አላጠፋሁም» ብሎ አይወጣም። «ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ አይወጣም። «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ብሎ አይወጣም። «ልከላከለው የምችለው ነገር አልነበረም» ብሎም አይወጣም! የሚያቀልለት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ዳር ይዘው ወተት የተሸከሙ እናት ምን ጥፋት አለባቸው?

መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ለካ ያን ዕለት ስለ መጥረጊያው ማንም ባያነሳ እንኳ ሴትዮዋ ባለቤቱን መጠየቅ ይችሉ ነበር። ዝናቡ በሕጉ ዓይን ምንም አልነበረም። የነገራቸው ሰው አልነበረም። ያኔ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ አልነበረም፤ የሚያስታውሳቸው ካምፓኒም የለም። እኔ ሳውቅ ጊዜው አልፎ ነበር።

ስለዚህ ባለንብረቶች፣ ብትቆጡኝም እላለሁ። ከእንግዲህ ቢሮዬ መጥታችሁ «የእግዜር ሥራ ነው»፣ «የአላህ ቀደር ነው»፣ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» አትበሉኝ። ቀደርን አምናለሁ። ግን ቀደር ሊብሬ የለውም! በስሙ ቦሎ አላወጣም! ከሾፌር ገቢ የሚቀበለው ቀደር አይደለም። ትርፉ በስማችሁ ከሆነ ጉዳቱም በስማችሁ ነው። «ከአቅም በላይ» የምትሉትን ከውል ሕግ፣ ከቁጥር 1792፣ ተበድራችሁ ነው የምታመጡት። ደንገጎ ላይ ከተገጨው እግረኛ ጋር ምን ውል ነበራችሁ? ያለቀ ጎማ ይዞ «አስፋልቱ አዳለጠው» የሚልም አለ። አስፋልቱ እኮ የሚያዳልጠው ለሁሉም ነው።

ሾፌሮች፣ ለማጨብጨብ አትቸኩሉ። ወደ እናንተ መጥቻለሁ።

ዝናብ እናንተንም ከእስር አያስጥላችሁም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ይቀጣል። የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ደግሞ ይብስበታል፤ ሾፌርም እዚያ ውስጥ ነው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ደንብ እያወቀ ጥሶ ከሆነ ወይም የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ዳኛው ዝናብ እንደነበር ያምናችኋል። ቀጥሎ «እያየህ ለምን ነዳህ?» ይላችኋል። «ገቢ ነበረብኝ» የሚል መልስ እስካሁን ሲያዋጣ አላየሁም። መጥረጊያ ሲሞት፣ ጎማ ሲያልቅ፣ ለባለቤቱ በአፍ ብቻ አትንገሩ። በስልካችሁ ጽፋችሁ ላኩ፣ መልሱንም አታጥፉ። ነፃ አያወጣችሁም፣ ግን «ድሬ ላይ ዝናብ የት አለ?» ያላችሁ ሰው የላከው ጽሑፍ ይኖራችኋል።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ። በጉም ሁለት መኪና ተጋጭቶ የማን ጥፋት እንደሆነ ካልታወቀ ቁጥር 2084 አለ። ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጠርና የሁለቱም ጉዳት ተደምሮ ባለቤቶቹ እኩል ይካፈሉታል። «እሱ ነው የገባብኝ» ያለ ሰው ያስረዳ። የጫት መኪኖችን ጉዳይ ዛሬ አልነካም፤ እሱ ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል። ተሳፋሪ ሲጎዳ የማጓጓዣ ውል ስላለ ሕጉ በሌላ በር ነው የሚገባው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።

መድን። በአዋጅ 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው። የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና ያገኛል። ሆስፒታል በር ላይ «መጀመሪያ ፕላን ይምጣ» እየተባለ ደም የሚፈስበት ሰው አይታችሁ ከሆነ ይህን የአዋጅ ቁጥር በቃላችሁ ያዙት።

ካሳ መጠየቂያው በመሠረቱ 2 ዓመት ነው። ጉዳቱ ወንጀልም ከሆነና ለወንጀሉ የተሰጠው ጊዜ ከዚያ ከረዘመ ረጅሙ ይያዛል። ይህን የምነግራችሁ ለራሳችሁ አይደለም። ከገጫችሁት ሰው ቤተሰብ ጋር ለሽምግልና ስትቀመጡ ንገሯቸው። አትደብቁ። እኔ ደብቄ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ።

ሻዩ ቀርቧል። ከመጠጣታችሁ በፊት ግን ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። በሩ ላይ አንድ ልጅ ባልዲ ውሃ ይዞ ቆሟል፤ 17 ዓመቱ ነው፣ ጠይቄዋለሁ። እሱ መስታወቱ ላይ ይደፋል፣ እናንተ መጥረጊያውን ታበራላችሁ። በፊት ወንበሮቹ እንጀምር።